በእጅ ስንሠራው 10፣ ኤክሴል ግን 11.18 አለን

የሐይቅ_መምህር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ሐይቅ አካባቢ 9ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ይመጣና በሩጫ ይታለፋል። ዘንድሮ ግን ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ከሁሉም ምዕራፍ ለልጆቹ ኑሮ የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ የራሳቸውን ቁጥር እንዲያመጡ አደረግኩ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የአንዱ ቡድን አምስት ልጆች ያመጡት ይኸው፦ 10፣ 20፣ 25፣ 30፣ 40። አማካዩ 25። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት 15፣ 5፣ 0፣ 5፣ 15። ካሬው 225፣ 25፣ 0፣ 25፣ 225። ድምሩ 500። ለ5 ሲካፈል 100፣ ቫሪያንስ የሚባለው። ስኩዌር ሩቱ 10፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው፤ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። ሰሌዳው ላይ ጥርት ብሎ ወጣ።

አንዷ ተማሪ ማታ በወንድሟ ላፕቶፕ ሞክራው በማግስቱ መጣች። «ቲቸር፣ ኤክሴሉ 11.18 ነው የሚለው» አለችኝ። ኤክሴሉ በ5 ሳይሆን በ4 ስለሚያካፍል ነው። አንዱ ለሙሉው ሕዝብ፣ ሌላው ለናሙና (ከሕዝቡ ለተመረጡ ጥቂቶች) መሆኑን አውቃለሁ። ግን «ናሙና ሲሆን አንድ ይቀነሳል» ብዬ ባልፋት ሸምድጂው ማለቴ ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ለምን እንደሚቀነስ ነው። ያለ ከባድ አልጀብራ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ማስረጃ ያላችሁ እባካችሁ።

የጦሳ_ልጅ

እንዲህ የምትጠይቅ ተማሪ ስላለችህ ደስ ብሎኛል መምህር። ለጊዜው አንድ ነገር ንገራት። ኤክሴል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፎርሙላዎች አሉ። ስማቸው በ«ኤስ» ፊደል የሚያልቀው ለናሙና ነው፣ 11.18 ይሰጣል። በ«ፒ» የሚያልቀው ለሙሉው ሕዝብ ነው፣ እሱ 10 ይላል። የካሲዮ ካልኩሌተርም ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ ሰሌዳውም ኤክሴሉም አልተሳሳቱም። «ለምን» ለሚለው ከኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ ስላሉ እነሱ ይምጡ።

ቀመር_ከደሴ

መምህር፣ ወረቀት ቁረጥ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማደርገውን ልንገርህ። ለ9ኛ ክፍልም ይሠራል።

ሦስት ብጣሽ ወረቀት ላይ 10፣ 20፣ 30 ጻፍ። «ሙሉው ሕዝብ ይህ ነው፣ ሌላ ሰው የለም» በላቸው። አማካዩ 20። የርቀቶቹ ካሬ 100፣ 0፣ 100። ድምሩ 200፣ ለ3 ሲካፈል 66.67። እውነተኛው ቫሪያንስ ይሄ ነው። ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈህ ክበበው።

አሁን ልጆቹ ሕዝቡን እንደማያውቁት ይሁኑ። አንድ ወረቀት ያወጣሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ይመልሳሉ፣ ደግመው ያወጣሉ። ይህ የሁለት ሰው ናሙና ነው። በቅደም ተከተል ካየነው ሊወጡ የሚችሉት ጥንዶች 9 ብቻ ናቸው። በሦስቱ ጥንዶች ያው ቁጥር ሁለቴ ይወጣል፤ የእነሱ የካሬ ድምር 0 ነው። 10 እና 20 በሁለት መንገድ ይወጣል፤ አማካዩ 15፣ የካሬ ድምሩ 25 ሲደመር 25፣ ማለትም 50። 20 እና 30ም በሁለት መንገድ፣ ያው 50። 10 እና 30 በሁለት መንገድ፤ እዚህ ድምሩ 200 ነው። የዘጠኙን ሰብስብ፦ 0 + 100 + 100 + 400 = 600።

እንግዲህ ማካፈል ነው። በእያንዳንዱ ናሙና ድምሩን በ2 ካካፈልን፣ የዘጠኙ ናሙናዎች አማካይ 33.33 ይሆናል። ይህ የእውነተኛው ግማሽ ነው። ከ2 ላይ አንድ ቀንሰን በ1 ካካፈልን ግን 66.67። ክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ራሱ መጣ።

ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው እንዲናገሩት ጠይቃቸው። 10 እና 10 የወጣለት ልጅ አማካዬ 10 ነው፣ ምንም መራራቅ የለም ይላል። ሁለቱም ግን ከእውነተኛው አማካይ፣ ከ20፣ በ10 ርቀዋል። ልጁ 20ን ስለማያውቅ የሚለካው ከራሱ ናሙና መሃል ነው። ያ መሃል ደግሞ ሁልጊዜ ለራሱ ቁጥሮች ይጠጋል። ስለዚህ መራራቁ ከእውነቱ አንሶ ይታያል። አንዷን መቀነስ ያንን ጉድለት ይሞላል። (ልክ የሚገጥመው ለቫሪያንሱ ነው። ስኩዌር ሩት ሲወሰድ ትንሽ ይዛነፋል፤ 9ኛ ክፍል ላይ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።)

ወደ ተማሪህ ጥያቄ ስንመለስ፣ መልሱ የሚወሰነው በምትፈልጉት ነገር ነው። ስለ አምስቱ ልጆች ብቻ ከሆነ የምታወሩት 10 ልክ ነው። በአምስቱ ተነስታችሁ ስለ ትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ልትናገሩ ከሆነ 11.18 ይሻላል። ልጅቷ ይህን ከያዘች ብዙ የማስተርስ ተማሪ የማይለየውን ለይታለች።

የሐይቅ_መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሠራነው።

ወረቀቶቹን ኮፍያ ውስጥ አድርገን ልጆቹ በየተራ ወጡ። መጀመሪያ ዘጠኙን ጥንዶች አልዘረዘርኩላቸውም። ዝም ብለው እያወጡ ሰሌዳው ላይ ይመዘግቡ ነበር። አንድ ልጅ 30 እና 30 አወጣና «ዜሮ! የኔ ዜሮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ወዲያው «አንተ ናሙናህን ነው ያየኸው፣ ኮፍያው ውስጥ 10ም አለ» አለችው። እኔ ልናገር ያሰብኩትን እሷ በራሷ ቃል ጨረሰችው። ኤክሴሉን ያመጣችው ተማሪ ደግሞ ዘጠኙን ጥንዶች ደብተሯ ላይ ዘርዝራ 600 ደረሰችልኝ።

አንድ ሌላ ነገር ላካፍላችሁ። የሌላኛው ቡድን ዘጠኝ ልጆች ያመጡት ደቂቃ ይህ ነበር፦ 5፣ 10፣ 10፣ 15፣ 20፣ 20፣ 25፣ 30፣ 90። የእነዚህም አማካይ 25 ነው። ሚዲያኑ (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለው) ግን 20። ከዘጠኙ ስድስቱ ከአማካዩ በታች ናቸው። ልጆቹ ገረማቸው። «አማካይ መሃል አይደለም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ አንዱ «90ውን እናውጣው፣ እሱ ነው ያበላሸው» አለ። ካወጣነው አማካዩ 16.9 ይሆናል፣ ቁጥሩ ያምራል። እኔ ግን አይወጣም አልኩ። 90 የጻፈው ልጅ እዚያው ተቀምጧል። ከደጋው ቁልቁል ወርዶ ነው የሚመጣው፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ልጁን ጠየቅኩት። «ስመጣ ነው 90፣ ስመለስ ዳገቱ ሁለት ሰዓት ይወስዳል» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ «ከቤት እስከ ትምህርት ቤት» ብለን ስንጠይቅ የመልሱን መንገድ ጨርሶ አልጠየቅንም ነበር። ጥያቄውን አስተካክለን እንደገና እንሰበስባለን። የአምስቱም የዘጠኙም ቡድን አማካይ 25 ሆኖ ሳለ ኑሯቸው ምን ያህል እንደሚለያይ አሁን ገብቷቸዋል።

ቀመር_ከደሴ

እሰይ! ጎበዝ! ሩቅ የሚቆም ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ ስህተት መሆን አለመሆኑ ይጣራል። 9 ለማለት 90 ተጽፎ ከሆነ ይታረማል። እውነት ከሆነ ግን ሰው ነው፣ አይጣልም። ሚዲያኑን ከአማካዩ ጋር አብሮ ማቅረብ ይበቃል። እንዲያውም ትምህርት ቤቱ ማታ ማጠናከሪያ ትምህርት ይጀመር ይሆን ብሎ ቢያስብ፣ ሊታይ የሚገባው ያ 90 ነው።

የባቲ_ሱቅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። እኔ ከ10ኛ በላይ አልተማርኩም፤ ባቲ ላይ ሱቅ አለኝ። ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፣ ወላሂ ገባኝ። የኔንም እዩልኝ እስቲ።

እንደምታውቁት የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞ ሰኞ 8,400 ብር አካባቢ እሸጣለሁ። በሌላው ቀን 1,400 ገደማ ነው። ልጄ በስልኳ አስልታ በቀን በአማካይ 2,400 ትሸጣለህ አለችኝ። በዚያ ተነስቼ ዕቃ ሳዝዝ ሰኞ ያልቅብኛል፣ ሌላ ቀን ይተርፈኛል። ስሌቱ ላይ ስህተት አለ እንዴ?

የሐይቅ_መምህር

ወዓለይኩም ሰላም ጋሼ። የልጅዎ ስሌት ልክ ነው፣ አብሽሩ። 8,400 ሲደመር ስድስት ጊዜ 1,400፣ 16,800። ለ7 ሲካፈል 2,400። ግን ይዩት፣ ከሳምንቱ ቀናት 2,400 የሚሸጡበት አንድም ቀን የለም። ሁለት ዓይነት ቀን ነው ያለዎት፤ የገበያ ቀንና ተራ ቀን። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደባልቋቸው የማንኛቸውም ያልሆነ ቁጥር ይወጣል። ለሰኞ ለብቻ፣ ለሌላው ቀን ለብቻ ይያዙ። ከዚያ በየሰኞው ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል ይመዝግቡ። ለትዕዛዝ የሚጠቅምዎ እሱ ነው። 2,400 የሚጠቅመው የዓመት ገቢ ለመገመት ነው፤ በ365 ያባዙታል።

የጦሳ_ልጅ

ለባቲው ጋሼ አንድ ልጨምር። የወር ሽያጭ አማካይ ሲያወጡ ለ13 እንዳያካፍሉ። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ናት። እንደ ወር ከቆጠሯት አማካዩን ታወርደዋለች። ወይ በቀን ይቁጠሩ፣ ወይ ጳጉሜንን ለብቻ ያስቀምጡ። ወር ከወር ሲያነጻጽሩም በወሩ ውስጥ ስንት ሰኞ እንደነበረ ይዩ። በ30 ቀን ውስጥ አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ሰኞ ይኖራል። ከላይ ባለው ቁጥር አንድ ሰኞ ሲጨመር ወሩ በ7,000 ብር ከፍ ይላል፣ ንግዱ ግን ያው ነው።

የባቲ_ሱቅ

አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። የሰኞውን ጉዳይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንዳንድ ወር ንግድ ጥሩ ሆነ እያልኩ ዕቃ እጨምር ነበር። ለልጄም ክሩን ከላይ ጀምራ እንድታነበው ሰጥቻታለሁ።

ኩታበር_ግብርና

የባቲው ነገር የኛን ሥራ አስታወሰኝ። እኔ ግብርና ባለሙያ ነኝ። ወሎ ላይ ዝናቡም ሁለት ዓይነት ነው። በልግ አለ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፤ ክረምት አለ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። የዓመቱን ዝናብ ለ12 አካፍሎ «የወር አማካይ» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት አይቻለሁ። ሐምሌንም ኅዳርንም አይመስልም። የዓመቱ ድምር ደህና ሆኖ በልግ ጨርሶ የቀረበት ዓመት ሊኖር ይችላል። በበልግ የሚያመርተው ገበሬ በዚያ ዓመት አጥቷል፤ ድምሩ ግን አይናገርለትም። ስለዚህ ዝናብ ስትመዘግቡ በወቅት ከፋፍላችሁ መዝግቡ ብዬ በጣም ነው የምለምነው።

ጥያቄም አለኝ። የበልግና የክረምትን አለመረጋጋት ላወዳድር ስል ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው ሊቀራረብ ይችላል። ገበሬው ግን የማይታመነው በልጉ ነው ይላል። ገበሬው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በቁጥር እንዴት ላሳየው?

ቀመር_ከደሴ

ገበሬው ልክ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ለአማካዩ አካፍለው። ለማሳያ ያህል የፈጠርኩት ቁጥር ልስጥህ። ክረምት አማካዩ 600 ሚሊ ሜትር፣ ዴቪዬሽኑ 60 ቢሆን፣ 60 ሲካፈል ለ600፣ 10 በመቶ ነው። በልግ አማካዩ 200፣ ዴቪዬሽኑ ያው 60 ቢሆን 30 በመቶ ይሆናል። የ60 ሚሊ ሜትር መጉደል ለ600 ምንም አይደለም፣ ለ200 ግን ሰብል ያጠፋል። ይህ መለኪያ ኮኤፊሸንት ኦፍ ቫሪዬሽን ይባላል። የዝናብ ጥናት ላይ ብዙ ታገኘዋለህ። ሰንጠረዥህን ስታዘጋጅ ደግሞ ወሮቹ በኛ አቆጣጠር ይሁኑ በፈረንጆቹ አንዱን ያዝ። ተቀላቅለው የመጡ መዝገቦች ብዙ ሰው ያደክማሉ።

ኤስፒኤስኤስ_ፈላጊ

ይቅርታ፣ ክሩን ላቋርጥ። የመመረቂያ ጽሑፌን ዳታ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ ሠርቶ ምዕራፍ አራትን ጽፎ የሚሰጠኝ ሰው እፈልጋለሁ። እከፍላለሁ። ቀኑ ደርሶብኛል።

የጦሳ_ልጅ

ወንድሜ፣ እዚህ ሠርቶ የሚሰጥህ አትጠብቅ፤ የሚያሠራህ ግን ሞልቷል። ዲፌንስ ላይ «ይህን ሰንጠረዥ አብራራ» ሲሉህ የምትቆመው አንተ ነህ። ገንዘብህን ያዝ። ጥያቄህን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፍልን፤ ምንን ከምን ጋር ነው የምታወዳድረው? ሁለቱም ቁጥር ናቸው ወይስ አንዱ «አዎ/አይደለም» ነው? ስንት ሰው ጠየቅክ? ይህን ከነገርከን ለየትኛው ቴስት እንደሚሆን ዛሬ ማታ ታውቃለህ። የስክሪን ፎቶ ብቻ አትላክ፤ ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት ሰው አይከፈትለትም። ቁጥሩን በጽሑፍ አስቀምጥ።

ኤስፒኤስኤስ_ፈላጊ

እሺ። ሥልጠና የወሰዱና ያልወሰዱ ገበሬዎች ምርት፣ በኩንታል በሄክታር። 60 እና 60 ሰው።

የጦሳ_ልጅ

በጣም ጥሩ። ሁለት ቡድን፣ አንድ የቁጥር መለኪያ። ቲ-ቴስት ነው የምትፈልገው፤ የሁለት ቡድን አማካይ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚፈትሽ። ከዚያ በፊት ግን የሁለቱንም ቡድን ምርት ሥዕል አውጣና ቅርጹን እይ። አማካይና ሚዲያን በጣም ከተራራቁ ተመለስ፣ እንነጋገር። ደግሞ ሥልጠናውን የወሰዱት በምን ተመረጡ? ድሮም ጎበዝ የሆኑት ከሆኑ የተወሰዱት፣ ልዩነቱ የሥልጠናው ነው ማለት አትችልም። ይህን ገምጋሚዎችህ ሳይጠይቁህ አንተ ጻፈው።

ነርስ_ደላንታ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ልጠይቅ ስል አፍሬ ነበር፣ የባቲው ጋሼ ሲጠይቁ አይቼ ደፈርኩ። የሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። በቅርብ ጊዜ የወለዱ እናቶች ላይ ነው ጥናቴ። ናሙናዬን 384 ብዬ ጻፍኩ፣ 10 በመቶ ጨምሬ 423። አማካሪዬ «384 ከየት መጣ?» አሉኝ። ሁሉም ሰው 384 ነው የሚጽፈው። በጥናቱ አካባቢ ያሉት እናቶች በጠቅላላ 600 ገደማ ናቸው።

ቀመር_ከደሴ

አብሽሪ እህቴ፣ ምንም የሚያሳፍር የለውም። አማካሪሽም የሚገባውን ነው የጠየቁሽ።

384 እንዲህ ነው የሚመጣው። ለ95 በመቶ እርግጠኝነት 1.96 እንወስዳለን። በራሱ ሲባዛ 3.8416። ከዚያ የምትፈልጊው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ካላወቅሽ ግማሽ ነው ብለሽ ትነሻለሽ፤ 0.5 ሲባዛ በ0.5፣ 0.25። ሁለቱ ሲባዙ 0.9604። የምትፈቅጂው ስህተት 5 በመቶ ከሆነ 0.05 በራሱ ሲባዛ 0.0025። 0.9604 ሲካፈል ለ0.0025፣ 384.16። ሰው ስለማይቆረስ ወደ ላይ 385 ይባላል። ያ ዝነኛ ቁጥር ከዚህ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

እንግዲህ እያንዳንዱን ምርጫ ጠይቂው። 0.5 የተወሰደው ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ ነው፣ ለጥንቃቄ። ቀደም ያለ ጥናት 20 በመቶ ካለሽ 0.2 ሲባዛ በ0.8፣ 0.16 ይሆናል፤ ናሙናሽ ወደ 246 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ቀመሩ ሕዝቡ በጣም ብዙ ነው ብሎ ያስባል። ያንቺ 600 ነው። 384.16ን ለ«1 ሲደመር 383.16 ሲካፈል ለ600» ስታካፍይው 234.4 ይመጣል፤ 235 ያዢ። መልስ የማይሰጡትን አስበሽ 10 በመቶ ስትጨምሪ 259። ከ423 ጋር አወዳድሪው። ያን ሁሉ ዳገት ልትወጪ ነበር።

ነርስ_ደላንታ

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጓደኛዬ ግን በያማኔ ቀመር ሠርታልኝ 240 አለች። 600 ሲካፈል ለ«1 ሲደመር 600 ሲባዛ በ0.0025»። የቱን ልያዝ?

ቀመር_ከደሴ

ጓደኛሽ ልክ ናት። ያማኔ 1.96ን ወደ 2 አጠጋግቶ፣ 0.5ንም ወስዶ የሠራው አቋራጭ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ 5 ሰው ብቻ ሆነ። የትኛውንም ያዢ፣ ግን ከየት እንደመጣ ጻፊ። ያማኔ 5 በመቶ ስህተትንና 95 በመቶ እርግጠኝነትን ውስጡ ደብቆ ስለያዘ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጠቀምበታል።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የ600ዎቹ ዝርዝር አለሽ ወይስ ቀበሌ መርጠሽ ከቀበሌው ውስጥ ነው የምትወስጂው? ቀበሌ መጀመሪያ ከመረጥሽ የአንድ ቀበሌ እናቶች ይመሳሰላሉ። መንገዱ አንድ ነው፣ ጤና ኬላው አንድ ነው። ያኔ ናሙናው በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል።

የወልድያ_ጤና

ዝርዝሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማኅደር ላይ ታገኚዋለሽ እህቴ። ከሕዝብ ቆጠራ አትነሺ፤ ሀገራችን ቤት ለቤት የተቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው። የ1999ኙ ዛሬ ስለወለዱ እናቶች ምንም አይነግርሽም።

አደራ ደግሞ ጤና ጣቢያ ተቀምጠሽ የመጡትን ብቻ እንዳትጠይቂ። እህል የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከሥር ያወጣል። ቤቷ የወለደችው እናት ናት ጥናትሽ የሚፈልጋት፤ እሷ ደግሞ ጤና ጣቢያው በር ላይ አትገኝም። 10 ሺህ ሰው ጤና ጣቢያ ላይ ብትጠይቂ እንኳ እሷን አታገኚያትም። የናሙና ብዛት ይህን አያስተካክለውም።

ነርስ_ደላንታ

ይሄ ልክ ነው፣ ልቤን ነካኝ። በሥራዬ የማውቃቸው እናቶች አሉ፤ አንድም ቀን ጤና ጣቢያ ያልረገጡ። ዝርዝሩን ከኤክስቴንሽኖቹ እጠይቃለሁ። ከዝርዝሩ እንዴት ልምረጥ? 600ን ለ259 ሳካፍለው 2.3 ነው የሚመጣው። በየስንቱ ልዝለል?

ቀመር_ከደሴ

እንዲህ ሲሆን አትዝለይ። ለ600ዎቹ ተራ ቁጥር ስጪና ኤክሴል ላይ ራንድ የሚለውን የዕጣ ቁጥር የሚያወጣ ፎርሙላ ከጎናቸው አስገቢ። በሱ ደርድሪና ከላይ ያሉትን 259 ውሰጂ። ቁጥሩ በነካሽው ቁጥር ስለሚቀያየር ከመደርደርሽ በፊት ኮፒ አድርገሽ እሴቱን ብቻ ለጥፊ። መብራት ከሌለ ሎተሪም ያው ነው፤ ወረቀት ቆርጠሽ አውጪ።

አንባቢ_ኮምቦልቻ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ልበል። ከላይ ቲ-ቴስት ተነስቷል። ያንን የፈለሰፈው ዊልያም ጎሴት የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ደብሊን ውስጥ፣ ጊነስ። ገብስና ብቅል ላይ የሚሠራው ሙከራ ጥቂት ስለነበር በትንሽ ናሙና እንዴት እርግጠኛ መሆን እንደሚቻል ቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1906 ለንደን ሄዶ ካርል ፒርሰን ዘንድ ተማረ። በ1908 ጽሑፉን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ። ከዚያ በኋላም ከሮናልድ ፊሸር ጋር ለዓመታት በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር። ትልቁ ሰው ሥራው ላይ የገጠመውን ጥያቄ ይዞ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ነው የተማረው። የባቲው ጋሼና የደላንታዋ እህታችን የያዙት መንገድ ይኸው ነው። ለተማሪዎችህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል መምህር።

የሐይቅ_መምህር

እነግራቸዋለሁ። ኤክሴሉን ላመጣችው ልጅ በተለይ።

እኛም የመልሱን መንገድ ጨምረን ሰብስበናል። አሁን ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቁጥር አለን፣ መሄጃና መመለሻ። የ40 ልጅ ሠንጠረዥ ነው። ልጆቹ የሁለቱን ልዩነት ለብቻ ሊሠሩ ይፈልጋሉ። እዚህ ብለጥፈው ታዩልናላችሁ?

ነርስ_ደላንታ

እኔም ዝርዝሩን ሳገኝ እለጥፋለሁ፣ አመራረጤን እዩልኝ።

ቀመር_ከደሴ

ሁለታችሁንም በደስታ አያለሁ። ግን ከመለጠፋችሁ በፊት ስም አውጡ። መምህር፣ ለልጆቹ ከ1 እስከ 40 ቁጥር ስጥ፤ የመንደሩን ስምም አትጻፍ፣ 90 ደቂቃ ከየት እንደሚመጣ አገሬው ያውቃል። እህቴ፣ ያንቺን ግን ጭራሽ አትለጥፊው። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር ያለበት የእናቶች ዝርዝር መድረክ ላይ አይወጣም። ተራ ቁጥሩንና የራንዱን ዓምድ ብቻ ላኪ፤ አመራረጥሽን ለማየት እሱ ይበቃኛል።